በረግረጉ ላይ የመለስኩት መልስ

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ በብርዱ ወራት፣ ከሮተርዳም ወጣ ብሎ በሚገኝ ረግረግ ላይ ነበር። ማለዳ እንደነበረና ውርጭ ሸምበቆውን እንዳለበሰው አስታውሳለሁ። የቀረውን ግን በእርግጥ ስላየሁት ይሁን ደጋግሜ ስላወራሁት ለይቼ መናገር አልችልም።

ቦታው ቀድሞ ፌን የሚቆፈርበት ነበር። ፌን ውሃ ውስጥ ለረጅም ዘመን ከተከማቸ ዕፅዋት የተፈጠረ ጥቁር አፈር ነው፤ የአገሩ ሰዎች እየቆፈሩና እያደረቁ ያነዱት ነበር። ከቁፋሮው የተረፉት ውሃ የሞላቸው ጉድጓዶችና በመካከላቸው የቀሩ ጠባብ መደቦች ናቸው። ጉድጓዶቹ ላይ መቆም የሚቻለው በረዶ ሲጋግር ብቻ ስለሆነ የአፈር ጥናቱ በብርድ ይደረጋል።

የተቀጠርኩት በሙከራ ነበር። አገሬ ሳለሁ በኮሌጅ የአፈር ሳይንስ አስተምር ነበር፤ እዚህ በአንድ የጥናት ድርጅት በረዳትነት ገባሁ። ሙከራውን ካለፍኩ የመስክ ቡድን መሪ እንደምሆን ተነገረኝ። ከዚያ በላይ የምመኘው አልነበረም።

የመስክ ኃላፊው ቪለም ይባላል። ሥራው እንዲህ ነው፦ ረጅሙን የብረት መሰርሰሪያ በረዶው ላይ በተበሳው ቀዳዳ አስገብቶ በእጅ መጫን፣ አዙሮ መንቀል፣ የተጣበቀውን አፈር በቢላዋ ገፎ ንብርብሩን ማንበብ። ከፌኑ ሥር ሸክላ አፈር አለ፤ ሸክላው ሲገኝ ሥራው ይቆማል።

መሰርሰሪያውን ስነቅል ቪለም ከኋላዬ፣ «ሸክላው ተገኘ?» አለኝ። ተገኝቷልና መለስኩለት። ደንግጦ ክንዴን ያዘ።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ሸክላ ነው።»

«በረዶው ተሰነጠቀ እንዴ?»

«ኧረ አልተሰነጠቀም።»

በሚቀጥለው ቀዳዳም ጠየቀኝ፤ መለስኩ፤ ክንዴን ያዘ። ደግ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። ከምሳ በኋላ ግን መሰርሰሪያውን ተቀበለኝና፣ «አንተ መደቡ ላይ ጠብቅ። አይዞህ፣ ረግረግ ብዙ ሰው ያስፈራል» አለኝ። አልፈራሁም አልኩት። ፈገግ አለ፤ ፈሪ ሁሉ የሚለው እሱኑ ነውና።

ሙከራው ሲያበቃ ቪለም ወደ ቢሮው ጠራኝ። «እውቀትህ ከሁላችንም ይበልጣል፤ ለመስክ ግን አትሆንም» አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። በቆዳዬ ነው አልኩ ለራሴ፤ ሲቆይ በዕድሜዬ፣ ሲቆይ ደግሞ በአነጋገሬ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሌሎች የነቀሉትን አፈር በምድጃ እያደረቅሁ መዘንኩ። ቡድኑን በየተራ የመሩት ንብርብር ማንበብ ያስተማርኳቸው ናቸው።

በስንብቴ ዕለት ልጄ ሕሊና ከአምስተርዳም መጣች። ቪለም ብርጭቆውን አንስቶ የድሮውን ሲያወራ፣ «የመጀመሪያው ቀን ላይ ምንም ብጠይቀው እንዲህ ይል ነበር!» አለና ትንፋሹን በድንገት ወደ ውስጥ ሳበ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሕሊና አልሳቀችም።

«እሱ እኮ ‹አዎ› ማለት ነው» አለችው። «እማዬ ስልክ ላይ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ነው የምትለው።» ወደ እኔም ዞረች፦ «አባዬ፣ አዎ ነበር ያልከው፣ አይደል?»

«ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል? አንተ ደግሞ!»

ቪለም ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«የሚነገር ነገር መሆኑን አላወቅሁም። አንተስ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«የፈራን ሰው ፈራህ ወይ አይሉትማ። እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው።»

ለክብሬ ብሎ ነው እንግዲህ። በቆዳዬ ነው እያልኩ የያዝኩትን ቂም የት እንደማደርገው ያን ዕለት አላወቅሁም፤ ዛሬም አላውቅም። ፈርቼ እንደነበረም አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ከዚያ በፊት በረዶ ላይ ቆሜ አላውቅም ነበር። የማልጠራጠረው በመሰርሰሪያው ጫፍ የወጣው ሸክላ እንደነበረ ብቻ ነው።

በዚህ ሙያ ላላችሁ፦ ኃላፊ ሲጠይቃችሁ በቃል መልሱ። አትሆንም ሲላችሁ ምን እንዳየባችሁ በዚያው ዕለት ጠይቁ። እኔ ያወቅሁት በስንብቴ ዕለት ነው።