የሼህ ይማም የውዱእ ውሃ

ውሃ ከጠፋ ዛሬ ስምንተኛ ቀናችን ነው። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ አንዱን ጀሪካን ዘንበል ሳደርገው ሳሙና ሳሙና ሸተተኝ። ሠራተኛችን የልብስ እጣቢ ለሽንት ቤት ብላ አጠራቅማበት ኖሯል፤ ደግ አደረገች፣ ያዘዝኳትም እኔው ነኝ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ግን ጀሪካኑን መልሼ አቆምኩት። ሃምሳ ሊሞላኝ ምን ቀረኝ፣ ያ ሽታ ዛሬም የአሥራ አንድ ዓመት ጥፋተኛ ያደርገኛል።

እዚሁ መካነ ሰላም፣ እማዬ ቤት፣ ውሃ ሦስቴ ሳይሠራ ደጅ አይወጣም ነበር። ምስር ያጠበው ሳህን ያጥባል፣ ሳህን ያጠበው የኛን እግር፣ የእግራችን እጣቢ ደግሞ የወለሉን አቧራ ለማብረድ ይረጫል፤ ወጥ ሲወርድም ፍሙ በከንቱ እንዳይከስም ቶሎ ብላ ውሃ ትጥድበታለች። እንግዳ እጁን ሲታጠብ ዓይኗ ከጆጉ ላይ አይነቀልም፤ እኛ ሳቃችንን አፍነን እንሞታለን። ከሁሉ በላይ የማይነካው ግን ከአልጋዋ ሥር ያለው ጀሪካን ነበር፤ የክፉ ቀን ውሃ። ጠዋት ጠዋት በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አድርጋ፣ ሙሉ መሆኑን በድምፁ አረጋግጣ ነው ሥራ የምትጀምረው።

አንድ ዓመት ጥር ላይ ውሃ ጠፋ። ምንጩ ገደል ሥር ስለሆነ ወርዶ መውጣቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ታላቅ እህቴ ታየች የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከወግዲ መጥታ እኛ ጋ ናት፤ ያን ጊዜ እናት ቤት መውለድ ነበር ወጉ። የኔ ሐሳብ ግን ነጭ ቀሚሴ ላይ ነበር፤ ጥምቀት ሊደርስ ነዋ! ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ወጥ የነካው ቀሚስ ለብሼ ልወጣ? እማዬ ገበያ ስትሄድ ጀሪካኑን ጎትቼ ቀሚሴን አጠብኩበት። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ብልጠትማ አይነሳ! ስታንኳኳው ጎዶሎ እንዳይሰማት እጣቢውን መልሼ ሞላሁበት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ታየችን ምጥ ያዛት። አዋላጇ እቴ ጥሩ መጡ፣ በሩ ተዘጋ፣ እኔም እዚያው ውስጥ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ቤት ውስጥ የነበረው ሌላ ውሃ ለእጅ፣ ለጨርቅ ሲባል ሙልጭ ብሎ አለቀ። እማዬ ከአልጋው ሥር ጀሪካኑን ጎተተች። ልናገር እላለሁ፣ መልሼ እተወዋለሁ። ታየች ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ውሃ፣ ውሃ ትላለች። እማዬ ክርስቲያን ብትሆንም ሲጨንቃት እንደ ጎረቤቶቿ ነበረችና «ያረቢ ድረስ!» እያለች ጣሳውን ሞላች። በዚያ ጨለማ ክፍል አረፋው የት ይታያል? የእህቴን አንገት ቀና አድርጋ ጣሳውን ወደ አፏ ስታስጠጋ፣ ዘልዬ ጣሳውን በጥፊ መታሁት።

እማዬ የፈሰሰውን አሸተተች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ልትመታኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። «ሂጂና ሼህ ይማምን ለምኚ» አለች፣ ድምጿን እንኳ ሳታነሳ።

ሼህ ይማም ልጆችን ቁርአን የሚያስቀሩ ሽማግሌ ጎረቤታችን ነበሩ። ስደርስ ለቀትሩ የዙህር ሰላት ውዱእ ሊያደርጉ፣ ከስግደት በፊት ሊታጠቡ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል። ቤታቸው የቀረው ውሃ የያዟት ማንቆርቆሪያና ግማሽ ጀሪካን ብቻ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ሼኽዬ፣ እህቴ ምጥ ላይ ናት፣ ውሃ አልቆብን…» አልኳቸው። አልቆብን! ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያቅልላት» ብለው ጀሪካኑን በአንድ እጄ፣ ማንቆርቆሪያውን በሌላው አስያዙኝ። ከደጃቸው ስወጣ ዞር ብዬ አየሁ፤ ሁለት መዳፋቸውን አፈር ላይ መታ አድርገው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱበት። ውሃ የታጣ ቀን እንዲህ ተደርጎ እንደሚሰገድ ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ታየች ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ውሃ እስኪመጣ ሼሁ አራት ቀን በአፈር ሰገዱ፤ እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ መዳፋቸው መሬት በነካ ቁጥር እሸማቀቃለሁ። ቀሚሴ ጥጥ መስሎ ነጥቶ ነበር፤ ለብሼው ወጣሁ፣ እንደዚያ ያስጠላኝ ልብስ ግን የለም።

ሼሁ ልጁን «ውዱኤ» ብለው ስም አወጡለት። መሮጥ ሲጀምር «ና እስቲ ውዱኤ!» እያሉ ተምር ያጎርሱታል፤ ሰፈሩ ይስቃል፣ እኔ አንገቴን እደፋለሁ። እውነቱን ልነግራቸው ስንቴ ደጃቸው ደርሼ ተመለስኩ! እማዬም ገመናዬን እንደሸፈነች ሞተች። ዛሬ በሁለቱ ቤቶች መካከል የብሎኬት አጥር ቆሟል፤ እነሱም ታንከር አላቸው፣ እኛም አለን፣ ማን ቤት ውሃ እንዳለቀ የሚያውቅ የለም። ሼሁ ወደ አኼራ ከሄዱ ቆዩ፤ ያን ስም የሚጠራም የለም።

ባለፈው የእህቴ ልጅ፣ ዛሬ እሱም የልጆች አባት ሆኗል፣ «አክስቴ፣ ሼሁ ውዱኤ የሚሉኝ ለምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉንም ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«ስትወለድ የውዱእ ውሃቸውን ሰጥተውን ነው» አልኩት። «ውሃ አልቆብን።»