ወፎቹ ቀድመው የቀመሱት ማሽላ

ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ የማሽላ እሸት ጠብሰው የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ሽታው ሲደርሰው ሌላው ሰው ምራቁን ይውጣል። እኔን ግን መጀመሪያ የሚይዘኝ ፍርሃት ነው፤ ረሃቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ያደግሁት ከመርሳ ወጣ ብላ በምትገኝ የሀብሩ ወረዳ መንደር ነው። ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በሚያዝያ የዘራነው ማሽላ ዝናብ ራቀውና ደረቀ። የጎረቤቶቻችን እንደ ምንም ቆመ፣ የእኛ ግን ለከብት እንኳ አልሆነም። ከግብርና ጽሕፈት ቤት የሚመጣው የልማት ሠራተኛ በሐምሌ ተዘርቶ በጥቅምት የሚደርስ አዲስ ዘር አለ ብሎ አባቴን አሳመነው። ዘሩ ቀይ ቀለም የተቀባ ነበር። ለተባይ የተለወሰ መርዝ ስለሆነ ማንም እንዳይበላው፣ የነካውም እጁን እንዲታጠብ ነገረን። አባቴ ስለ ጥቅምቱ ሰማ፣ እናቴ ስለ መርዙ።

በዘር ቀን ከጆንያው የፈሰሰውን አንዲት ዶሯችን ለቀመችና እዚያው ክንፏን ዘርግታ ቀረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ያንን ማሳ በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «ያ ነገር» ነበር የምትለው። የልማት ሠራተኛው ሲመጣ፣ ዶሮዋን የገደለው በአገዳው ሽቅብ ወጥቶ ፍሬው ውስጥ አይገባም ወይ ብላ ጠየቀችው። ሠራተኛው ሳቀና አይገባም አላት። ሳቁ ነው ይበልጥ ያስፈራት። ሳይስቅ ቢነግራት ኖሮ ምናልባት ታምነው ነበር።

ማሽላው በቀለ፣ ግን አጭር ነው። የአባቴ ደረት ላይ እንኳ አይደርስም። የእኛ አገር ማሽላ ሰው ከነበሬው ይሰውር ነበርና መንደሩ መሳቂያ አደረገን። ጎረቤታችን አያ ይማም ባለፉ ቁጥር ቆም ይሉና፣ «ሁሴን፣ ማሽላህ ተቀምጦ ነው እንዴ የበቀለ?» ይሉታል። አባቴም ደክሞት ነው ይላቸዋል።

ጥቅምት ሲገባ ግን የሰው ማሽላ ገና ሳይዝ የእኛ ደረሰ። በመንደራችን የመጀመሪያ እሸት ለብቻ አይበላም። ጎረቤት ማሳው ላይ ተጠርቶ ዱዓ ይደረጋል፣ ትልልቆቹ ይቀምሳሉ፣ ከዚያ ልጆች ይለቀቃሉ። አባቴ እሳት አንድዶ፣ ጠብሶ፣ በሰፌድ አቀረበ። ሰዎቹ መጡ፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ አሚን አሉ። ከዚያ ግን የዶሮዋን ወሬ ሁሉም ሰምቶ ነበርና ወደ ሰፌዱ የተዘረጋ እጅ አልነበረም። አያ ይማም ተነሡና፣ «ዱዓው ይድረስልህ ሁሴን። እሸቱን ግን አንተው ያዘው» አሉት። ሁሉም ተከትለዋቸው ሄዱ። አባቴ የሰፌዱን ጠርዝ እንደ ያዘ ቀረ። እናቴ ከእጁ ተቀብላ ሁሉንም እሳቱ ውስጥ ጨመረችው።

በዚያን ሰሞን ቤታችን የነበረው እህል ለቀጭን አጥሚት እንጂ ለእንጀራ አይበቃም። ታናሽ እህቴ ሀዋ ማልቀሱ ደክሟት ዝም ብላ ትተኛለች። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ ወጥቼ፣ የማልበላውን ማሽላ ከወፍ እጠብቃለሁ።

በማግስቱ አባቴ መርሳ ገበያ ሲወርድ እናቴ ወደ ማሳው መጣች። «ዛሬ ወንጭፍሽን አታንሺ» አለችኝ። «ይብሉ። የሚወድቅ ካለ እዪ።»

ተቀመጥኩ። የደረሰ እህል በአካባቢው የእኛ ብቻ ስለነበር ግሪሳው እንደ ደመና ወረደ። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ የሚወድቅ ወፍ ጠበቅሁ። አንድም አልወደቀም። እየተንጫጩ በሉ፣ ጠገቡ፣ ወደ ግራሮቹ በረሩ። ለእናቴ ስነግራት፣ ሄደው የት እንደሚሞቱ ማን ያውቃል አለች።

አባቴ ሲመለስ የማሳው ዳር ባዶ ዛላ ብቻ ሆኖ አገኘው። ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር፣ አልተቆጣም። እናቴን ጠርቶ፣ «ዘሀራ፣ ወፉ ጠግቦ ሄደ፤ የምንሞተው እኛ ነን» አላት።

በነጋታው ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ እሳት አነደደና ብቻውን በላ። እናቴ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ፊቱን ስታጠና ዋለች። ሆድህን አመመህ ወይ፣ ራስህን አዞረህ ወይ ትለዋለች። እሱም፣ «እግሬ ነው እያጠረ የመጣ መሰለኝ» አላት። አልሳቀችም። ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት ሲደርስ አንድ ዛላ አንስታ በመዳፏ ፈተገች፣ ገለባውን እፍ አለች፣ ቢስሚላህ ብላ ወደ አፏ አስገባች። ሀዋ ሽታው ቀስቅሷት እጇን ስትዘረጋ እናቴ መልሳ ያዘቻት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ እንዲሁ ይዛት ቆየች። ከዚያ በኋላ ነው ትኩሱን ማሽላ በእጃችን ላይ ያደረገችልን።

በማግስቱ ጠዋት አያ ይማም ስለ በሬ ሊጠይቁ የመጡ መስለው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ብቅ አሉ። አባቴ ከእሸቱ ለልጆቹ ሰጣቸው። በቀጣዩ ክረምት የመንደሩ እኩሌታ አጭሩን ዘራ፣ ረሃቡም ቀለለ። እናቴ ግን ሐሳቧን አልለወጠችም፤ የሚሰጥ ነገር ሁሉ የሚወስደው አለው ትል ነበር። እውነትም አገዳው አጭር ነውና ጣራ የምንከድንበትና ለላም የምንሰጠው ጠፋ። በማሽላው መካከል እየዘራን የምናኝከው ጥንቅሽም ከማሳችን ቀረ።

አሁን ልጆቼን የማሳድገው ወልድያ ነው። እኔም እንደ እሷ ተጠራጣሪ ሆኛለሁ። ሁለቱ ልጆቼ ማታ ማታ ስልክ ላይ ያጎነብሳሉ። ፊታቸው ይበራል፣ ይጨልማል፣ ከሰው ጋር ሳይሆኑ ይስቃሉ። ምን እንደሚያዩ ስጠይቃቸው ምንም ይሉኛል። እኔ በአራተኛ ክፍል ትምህርቴ ስልኩ ላይ ያለውን ፊደል ለቅሜ ሳልጨርስ እነሱ አልፈውታል። እናቴ የፈራችውን ነገር ራሷ አስቀድማ በልታ፣ በሆዷ ይዛ ቆይታ ነው ለእኛ የሰጠችን። የእኔ ልጆች ግን ቀድመውኝ በልተዋል። እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ፊታቸውን አያለሁ።