ቲፓግያ የቆፈረቻቸው ስድስት ጉድጓዶች

ማንበብ የማይችል ማሰብም አይችልም ብሎ የደነገገው ማን ነው? በሰሜን ጋና ከታማሌ ከተማ ወዲያ ባለችው መንደራችን፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የማሽላ ሙቅ የምትሸጠው ቲፓግያ ፊደል አልቆጠረችም። አራት ልጅ ወልዳ፣ ባሏን ቀብራ፣ ጎህ ሳይቀድ እየፈጨች ኖረች። እንደሷ ያለች ሴት ስብሰባ የምትጠራው ወንበሩ ባዶ እንዳይመስልና እንድታጨበጭብ ብቻ ነው።

አምና የወረዳው ተቆጣጣሪ መጥቶ ስድስተኛ ክፍል ሊዘጋ መሆኑን ነገረን። ልጆቹ በየጊዜው ይቀራሉ። ምክንያቱ ተገኝቶ ካልተስተካከለ ወንዝ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ይቀላቀላሉ። የቲፓግያ የመጨረሻ ልጅ ዳማታ እዚያው ክፍል ናት። ታላላቆቿ ከስድስተኛ በኋላ ወንዙን መሻገር ሰልችቷቸው ትምህርቱን ትተውታል።

"ምክንያቱማ ይታወቃል፤ ወላጆች ግድ የላቸውም" አለ ተቆጣጣሪው።

"ከታወቀ ምን ያስጠናል?" አለው ርዕሰ መምህሩ ዉምቤ፣ እልኸኛው። ወላጆች፣ ተማሪዎችና መምህራን አብረው እንዲያጠኑ አደረገ፤ የስም መጥሪያውንም መዝገብ እጃቸው ላይ አኖረው።

ሦስት ሳምንት ለፉ። ተማሪዎቹ የቀሩትን ልጆች ከሰኞ እስከ ዓርብ በአምስት ዓምድ ጻፉ። ሁሉም ቀን እኩል ሆኖ ቁጭ አለ።

"አያችሁ? ሲያሻቸው ነው የሚቀሩት" አለ ውጤቱን ሊሰማ የመጣው ተቆጣጣሪ።

ቲፓግያ ተነሳች። "ዳማታ፣ እስቲ በእኔ ቀን ዘርጊልኝ።"

"በአንቺ ቀን ማለት፣ እማ?"

"በገበያው ነዋ! ገበያችን የሚቆመው በየስድስት ቀኑ፣ ከሳምንት ሳምንት ቀኑን እየለዋወጠ አይደል? መዝገባችሁ የሚያውቀው የመንግሥትን ሳምንት ብቻ ነው።"

ከግቢው የኒም ዛፍ ሥር ጎንበስ ብላ አሸዋው ላይ ስድስት ጉድጓድ ቆፈረች፤ አንዱ ለገበያው ቀን፣ አምስቱ ለተከታዮቹ ቀናት።

"እማ ቲፓግያ፣ ጠጠር ልንጫወት ነው?" አሉ ተማሪዎቹ እየሳቁ።

"አዎ፣ የተሸነፈ ሙቅ ይገዛል። በሉ ልቀሙ!"

ዳማታ መዝገቡን አነበበች፤ ለቀረው ልጅ ሁሉ በቀረበት ቀን ጉድጓድ አንድ አንድ ጠጠር ተጣለ። የአምስቱ ጉድጓዶች ታች እንኳ በወጉ አልተሸፈነም። የገበያው ግን ሞልቶ ፈሰሰ።

እናቶቹ መሬት መሬት አዩ። ገበያ ሲቆም ልጆቹ ዕቃ ተሸካሚ፣ ሕፃን አዛይ ናቸው። ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ግን ማን ደፍሮ በራሱ ላይ ይመስክር?

"እኔም አስቀርቻታለሁ" አለች ቲፓግያ። "ማሰሮውን ማን ይሸከምልኝ? አንድ ቀን ብትቀር ምን አለበት እያልኩ። ይኸው፣ ከዚህ ውስጥ ዘጠኙ ጠጠር የእሷ ነው።"

ተቆጣጣሪው ጉሮሮውን ጠራረገ። "አጋጣሚም ሊሆን ይችላል።"

"እንግዲያው ልንገርህ ልጄ። ነገ ረቡዕ ገበያ ነው፤ ግማሹ አይመጣም። በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ይውላል፤ ያን ቀንም እንደዚያው። በሌላው ቀን ክፍሉ ይሞላል። ካልሆነ ሙቄን አሸዋ ላይ ድፋው።" ወደ እናቶቹ ዞረች። "እናንተም ለእኔ ብላችሁ እንዳታስመስሉ፤ እንደ ወትሮው አድርጉ።"

ረቡዕ ከአርባ ሦስቱ ሃያ አንዱ መጡ። ሐሙስ አርባ። በቀጣዩ ማክሰኞ አሥራ ዘጠኝ። በወሬ ሳይሆን በገዛ ጣቱ ሲቆጥር የዋለው ተቆጣጣሪው ራሱ ነው።

ከዚያ መላው ቀላል ሆነ። ገበያው በትምህርት ቀን ሲውል ትምህርት ቤቱ ያርፋል፤ ምትኩን ቅዳሜ ያስተምራል።

"ታዲያ ልብሴን መቼ ላጥብ?" አለች አንዷ መምህርት።

"በገበያው ቀን እጠቢያ፤ ስትጨርሺ ሙቅ ትገዢኛለሽ!" አለቻት ቲፓግያ።

ተቆጣጣሪው ዘገባው ላይ "በኅብረተሰቡ ተሳትፎ" ብሎ ሊያልፍ ነበር። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው! ሌላው ያሰበውን ወስደው፣ ባለቤቱን "ኅብረተሰብ" በሚል ከረጢት ውስጥ ይከቱታል። ዉምቤ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ያገኘችው እሷ ናት። ስሟን ካልጻፍክ አልፈርምም።"

ጻፈ። ከሥሩም የቲፓግያ አውራ ጣት አረፈ።

ክፍሉ አይዘጋም የሚለው ደብዳቤ በደረሰ በመጀመሪያው ቅዳሜ አርባ ሁለት ልጆች ተገኙ። ዳማታ ስሟ ሲጠራ "አለሁ!" ያለችው ሜዳው ማዶ ተሰማ፤ ሴቶቹም በእልልታ መለሱላት። የቀረው አንዱ ወባ ይዞት ነው። እናቱ ማንም ሳይጠይቃት ራሷ መጥታ፣ መዝገቡ ላይ እንዲጻፍ ተናግራለች።