አክስቴን ከቅሬው ቤት ያመጣሁበት ጉዞ

ከደሴ የተነሳሁት ቅዳሜ ማለዳ ነው። አክስቴ ዘነበች ቆቦ ባለው የአረጋውያን ቤት ስትኖር ስድስት ዓመት አለፋት። «የወንድሟ ልጅ እያለች ባዕድ ይጡራት?» የሚለው የዘመድ ወሬ ስለሰለቸኝ፣ ክፍል አዘጋጅቼ ላመጣት ሄድኩ።

ወልድያ ላይ ሚኒባስ ቀየርኩ። ጎብዬ ገበያ ስለነበረ መንገዱ በግመልና በባጃጅ ተጨናንቆ ብዙ ቆምን። ከሮቢት ወዲያ ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው ተከምሯል። ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ።

ቆቦ፣ ስድስት ሰዓት

ቤቱ ግንቡ ወፍራም፣ በረንዳው ረጅም የሆነ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። የቅሬው፣ ማለትም የእድሩ፣ ዳኛ አቶ እንድሪስ እንደነገሩኝ፣ ሙት ለመቅበር የተሰባሰቡት የቅሬው አባላት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ድንጋዩን ከወንዝ በግመል አመላልሰው ጧሪ ለሌለው ሰው የሠሩት ነው።

አክስቴን በረንዳው ላይ አገኘኋት፤ አብረዋት የሚኖሩትን ዓይነ ስውር፣ እማማ ዘሀራን፣ እጃቸውን ይዛ ቀስ እያለች ታመላልሳቸዋለች።

«ልወስድሽ መጣሁ» አልኳት።

የእማማ ዘሀራን እጅ ሳትለቅ፣ «ክፍልም አዘጋጅተሻል?» አለችኝ።

«አዎ፤ አልጋው አዲስ ነው።»

«እግዜር ይስጥሽ።»

አቶ እንድሪስ ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ፈቃዷን ጠይቀሻታል?»

«አክስቴ እኮ ናት!»

«ተራ የሚጠብቅ ብዙ ነው። አልጋዋ ዛሬውኑ ይሰጣል፤ ኋላ ልመልሳት ብትይ ቦታ የለም።»

«ግድ የለም» አልኩ።

እማማ ዘሀራ የአክስቴን ፊት በእጃቸው ዳሰሱ። «አላህ በሰላም ያግባሽ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። አክስቴ ወልድያ ላይ የገዛሁላትን ሙዝ ሳትልጠው እንደያዘች ደሴ ገባን።

ደሴ፣ ሰኞ

ሁለት ቀን ሙሉ አልጋው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠች።

«አልተመቸሽም?» አልኳት።

«ምን ጎደለብኝ? ግን ብትጠይቂኝ ኖሮ ልቅር እልሽ ነበር። ክፍል አዘጋጅተሽ ያን ሁሉ መንገድ መጥተሽ፣ እንዴት ብዬ እንቢ ልበልሽ?»

የሄድኩት የሰው አፍ ለመዝጋት እንጂ ለእሷ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። አቶ እንድሪስ ጋ ደወልኩ። አልጋው ተይዟል አሉኝ። እማማ ዘሀራን እንዲያገናኙን ለመንኳቸውና ስልኩን ለአክስቴ ሰጠኋት።

«አዲሷ ሴትዮ ደግ ናት፣ አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ተሰማኝ። «እጄን ይዛ ስትራመድ ግን ትፈጥናለች።»

«ቀስ በይ በያት፣ ዘሀራ» አለች አክስቴ። «አትፈሪ፣ ቀስ በይ በያት።»