በስሜ አቤት ያለችው

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር የጎረቤት ለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የአባቴ አገር ሰው ናቸው፤ ለቀብሩ ነው የመጡት።

«ኮሮና ጊዜ የእርዳታው ሰልፍ ላይ አይተሽ ዘጋሽኝ» አሉኝ ቅር ብሏቸው።

«የት?»

«አገር ቤት፣ ቀበሌው ደጅ ነዋ፤ ለገበሬው ዘርና ዱቄት የታደለ ጊዜ። ስምሽ ሲጠራ አቤት አልሽ፤ ማስክሽን እስካፍንጫሽ ስበሽ አለፍሽኝ።»

በዚያ ጊዜ ከአራተኛ ፎቅ ወርጄ ዳቦ መግዛት እንኳ እፈራ ነበር። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ሰው በተሰበሰበበት የቤቴን ጉዳይ አላወራም። «ሳላይዎት ቀርቼ ይሆናል» ብዬ ተነሣሁ።

አባታችን ሲሞት ወንድሜ መሬቱን ጠቅልሎ ሊይዝ ነበር። ዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሼ ግማሹን በስሜ አስወጣሁ፤ የይዞታ ደብተርም አወጣሁበት። የሚያርሰው እሱ ነው። ሚስቱ በአባቴ ተዝካር ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ «የከተማ ሴት መሬት ምን ያደርግላታል? ሳሎኗ ውስጥ ልታነጥፈው ነው?» ብላኛለች። እሷ ረስታው ይሆናል፤ እኔ አልረሳሁትም።

ቤት ገብቼ ለወንድሜ ደወልኩ። «በኔ ስም እርዳታ የወሰደው ማነው?»

«እትዬ፣ ለመሬቱ ብዬ ነው» አለ። «እርዳታው በደብተር ነበር። ባለደብተሩ ራሱ ካልቀረበ አገር ለቋል ተብሎ ይጻፋል አሉን። የለቀቀ ሰው መሬቱን ይነጠቃል። አንቺን እንዳልጠራሽ መንገድ ተዘግቷል። ሚስቴን ነጠላ አከናንቤ አቆምኳት። ጸሐፊው አዲስ ነው፤ ሁሉም አፉን ሸፍኗል፤ ማን ይለያል?»

«ዱቄቱስ?»

«በላነዋ።»

«ዘሩስ?»

«አንቺ መሬት ላይ ዘራነው።»

ሰረቁኝ ወይስ መሬቴን አተረፉልኝ? ልቆጣ ፈልጌ በምን እንደምቆጣ ጠፋኝ። እሱ ግን ቀጠለ። «ሐሙስ ደግሞ ደብተር ይታደሳል፤ ባለመሬቱ ፎቶ ይነሣል። ትመጫለሽ ወይስ እሷ ትነሣ?»

«ፎቶው የሷ ከሆነ መሬቱ የማን ሊሆን ነው?»

«ያንቺ ነዋ። ስሙ ያንቺ አይደል?»

ከልቡ ይሁን እያሾፈብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሐሙስ ሄድኩ። ሚስቱ ቀድማኝ ተሰልፋለች። ማስክ ያደረገ ሌላ ሰው አልነበረም፤ እሷ ግን እስካፍንጫዋ ለብሳለች።

«ምነው ደከሙ እትዬ፤ እኔ እነሣልዎት ነበር» አለችኝ።

«በኔ ስም መቆም ለመድሽው።»

«እርስዎ ካልቆሙ ማን ይቁም?»

ስሜ ተጠራ። እሷ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። አቤት ያልኩት እኔ ነኝ።

ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ። «እናት፣ በኮሮና ጊዜ ዘርና ዱቄት ወስደዋል፤ ፈርመዋልም ይላል። እርስዎ ነዎት?»

ይህችን ሴት ሰው ፊት አንገቷን ደፍታ ለማየት ስንት ዓመት ተመኝቻለሁ። አንዲት ቃል ትበቃኝ ነበር። ግን እኔ አልወሰድኩም ካልኩ፣ «ታዲያ ያኔ የት ነበሩ?» ሊለኝ ነው። ልደታ ብል መሬቱ አለቀለት።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ኑሮዎ እዚሁ ነው?»

«የት እሄዳለሁ ብለህ ነው?» የልደታው መታወቂያ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ በነጠላዬ ሥር ቦርሳውን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

ፎቶ ሊያነሣኝ ሲል ሚስቱ ከሰልፉ ወጥታ መጣች። ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ አነሣችና እንደ አገሩ ሴቶች አድርጋ አጣፋችልኝ። «እንዲህ ነው የሚለበሰው» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም። ማመስገኗ ይሁን መስደቧ አልገባኝም፤ እጇንም አልገፋሁትም።

ደብተሩ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ፎቶው ላይ ፊቴን አዙሬ ካሜራውን ሳይሆን እሷን አያለሁ።