የእትዬ አስካለ ጥቁር ጀርመን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሐያት ከአዲስ አበባ ደወለችና ስልኬ ላይ የመኪና ፎቶ ላከችልኝ። ያገለገለ የጀርመን መኪና ነው፤ ብርማ ቀለም፣ የቆዳ ወንበር፣ ጣሪያው በመስታወት የሚከፈት። «አባዬ፣ ልገዛት አስቤያለሁ፤ እስቲ እያት» አለችኝ። ፎቶ ምን ይታያል? ሞተሩ አይሰማ፣ ሥሩ አይታይ። ያም ሆኖ ፎቶውን እያሰፋሁ ደጋግሜ አየሁት። ስድሳን ያለፈ ሰው፣ በሸዋ ሮቢት ሐሩር፣ በረንዳ ላይ በሽርጥ ተቀምጦ፣ ገና ባልተገዛ መኪና ፎቶ እንዲህ ሲሆን ራሱንም ይገርመዋል። ሐያት «አባዬ፣ አለህ?» ስትለኝ፣ አሳቤ ሄዶ የነበረው ደብረ ሲና፣ እትዬ አስካለ ግቢ ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። አባቴ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ካሉ የቀወት መንደሮች ሽንኩርት እየሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ነበር፤ እኔ ደግሞ በሰው የጭነት መኪና ተቀጥሬ የእሱን ሽንኩርት አመላልሳለሁ። የአባቴ ምኞት የእኔን ቁጠባ ከእሱ ገንዘብ ጋር ደርበን የራሳችንን የጭነት መኪና መግዛት ነበር። ነጋ ጠባ የሚያወራው ይህንኑ ነው። እኔም «እሺ» እላለሁ። ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ልገዛ በቆምኩ ቁጥር ከመንገዱ ገባ ብሎ ወዳለ አንድ ግቢ እሄድና በአጥሩ ክፍተት አጮልቃለሁ። እዚያ በሸራ የተሸፈነች ጥቁር የጀርመን መኪና ቆማለች። የደብረ ሲና ነፋስ ሸራውን ገለጥ ሲያደርገው ኮፈኗና አንድ ክብ መብራቷ ብቅ ይላሉ። በዚያን ዘመን በእኛ መንገድ የሚያልፈው አውቶቡስና የጭነት መኪና ነው፤ እንዲህ ያለች መኪና ካለፈችም ውስጧ ትልቅ ሰው አለ ማለት ነው። የዚህችኛዋ ባለቤት ግን እትዬ አስካለ የሚባሉ ወፍጮ ቤት ያላቸው ሴት ነበሩ። ባላቸው ወደ አገሩ ከሚመለስ የመንገድ ሥራ ፈረንጅ ገዝተዋት ነበር፤ እሳቸው ከሞቱ ጊዜ ጀምሮ ግን ስድስት ዓመት ሳትንቀሳቀስ ቆማለች። ስንቱ ሊገዛ ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሷል ይባላል።

በኅዳር አንድ ጠዋት መካኒኩን ጓደኛዬን ታደሰን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። ለአባቴ አልነገርኩትም። ታደሰ መንገዱን ሙሉ «ጀርመን ሲገዙት ደስ ይላል፤ ሲበላሽ ነው ጉዱ» እያለ ሲያስፈራራኝ ነበር። እትዬ አስካለ ዱቄት የበነነበት ነጠላቸውን እያራገፉ ወጡ። ስለ ዋጋ አላነሱም።

«ገዝተህ ምን ልታደርጋት ነው?» አሉኝ።

ከእኔ በፊት የመጣው ገዢ ሞተሯን ነቅሎ ሌላ መኪና ላይ ሊገጥም ነበር፤ ሌላው ለሠርግ ሊያከራያት ነበር። እኔም ለሥራ ምናምን ልል አስቤ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «ልነዳት ነው እትዬ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም» የሚል ነበር።

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ። «እንግዲያው መጀመሪያ ሸዋ ሮቢት አድርሰህ መልሰኝ» አሉ። «ያን ዳገት በራሷ ጉልበት ከወጣች ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ታደሰ ሁለት ቀን ሙሉ ሥሯ ተኝቶ ዋለ። ከሸዋ ሮቢት አዲስ ባትሪ አመጣን፣ ዘይቷን ቀየርን፣ ጎማዋን ነፋን፣ የአይጥ ጎጆ ከሞተሯ ውስጥ አወጣን። በሦስተኛው ቀን ቁልፉን ሳዞረው ሁለት ጊዜ አሳላት፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ እንደ ትልቅ ድመት ማንኮራፋት ጀመረች። ታደሰ በዘይት እጁ ጀርባዬን መታኝ። እትዬ አስካለ ቤት ገብተው ንጹሕ ነጠላ ለብሰው ተመለሱና ከጎኔ ተቀመጡ።

እኔ ሾፌር ነኝ ብዬ ተማምኜ ነበር። ይቺ መኪና ግን ማርሿን ራሷ የምትቀይር ናት፤ ፍሪሲዮን የላትም። ግራ እግሬ በልማዱ ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄዶ ፍሬኑን ረገጠው። መኪናዋ ተገትራ ስትቆም የእትዬ አስካለ ሻሽ ግንባራቸው ላይ ወረደ። ሻሻቸውን መልሰው «ንዳ እንጂ» አሉ።

ከደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ነገሩ ባሰ። የጭነት መኪና ቢሆን በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘልኝ ነበር የምወርደው። የዚህችን ማርሽ እንዴት እንደምይዘው ስላላወቅሁ በየመታጠፊያው ፍሬን ላይ ተደገፍኩ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የሚቃጠል ሽታ መጣ። ከኋላ የተቀመጠው ታደሰ ቀስ ብሎ «ሰኢድ፣ ፍሬኑ ነው» አለ። ረገጥኩት፤ እግሬ ሥር ላላ። ከግራችን ገደል ነው።

«ዳር ያዝና ቁም» አሉ እትዬ አስካለ።

እንደምንም ከተራራው በኩል አስጠግቼ አቆምኳት። ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቆሎ ቆረጠምን። እኔ በኀፍረት ቀና ማለት አቅቶኛል። በመጨረሻ እትዬ አስካለ ተነሡ፣ የላስቲክ ጫማቸውን አወለቁና በሾፌሩ በር ገቡ።

«ሟች ባለቤቴ ነው ያስተማረኝ» አሉ መሪውን እየዳሰሱ። «እሱ ከሞተ በኋላ ሰው ምን ይላል ብዬ አልነካኋትም። ግቡ።»

ማርሹን ወደ ታች ሳብ አደረጉት፤ ሞተሩ ጮኸና መኪናዋ በራሷ ተያዘች። ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ ነካ እያደረጉ መታጠፊያውን በየተራ አሳለፉት። ለሁለት ዓመት ያን መንገድ በየሳምንቱ ስወጣ ስወርድ እንደዚያ አይቼው አላውቅም። አርማንያ ከተማን ስናልፍ ብርዱ ቀረ፣ መስኮቱን ከፈትን፣ የደረሰ ማሽላ ሽታና የቆላው ሙቀት ፊታችንን መታን። ሜዳው ላይ ስንደርስ እትዬ አስካለ ነዳጁን ረገጡት። አንድ አውቶቡስ ቀደምን። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ብቅ ብሎ ነጠላ የለበሱ እናት ጥቁር ጀርመን ሲነዱ አየ። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ሳቁ። ታደሰም ሳቀ፣ እኔም እምባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ሳቄ የቆመው የሸዋ ሮቢት ገበያ ጋ ስንደርስ ነው። መንገድ ላይ ስለ አባቴ የሽንኩርት ንግድ አውግቻቸው ነበርና «የአባትህ መጋዘን የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ መዋሸት ስላልቻልኩ አሳየኋቸው። ሽንኩርት ከሚያስመዝነው አባቴ ፊት ወስደው አቆሟት። አባቴ እኔን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ገባው። ፊቱ ጠቆረ። ግን በእንግዳ ፊት መቆጣት ነውር ነው። ወንበር አቀረበላቸው፣ ፓፓያና ብርቱካን አስመጣ።

«ልጅህ መኪና መንዳት አይችልም» አሉት እትዬ አስካለ ፓፓያውን እየበሉ። «ግን አልዋሸኝም። ለዚህ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እኔን ግን ዋሽቶኛል» አለ አባቴ።

ገበያው መሐል መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «አባባ፣ ልነግርህ ፈርቼ ነው» አልኩት። አባቴ ተነሥቶ መኪናዋን ዞራት፣ ኮፈኗን በመዳፉ ዳሰሰ፣ «እትዬ፣ እስከ ወንዙ ድረስ ቢያዞሩኝ ቅር ይልዎታል?» አለ። ሲመለሱ ስለ ምን እንዳወሩ ዛሬም አላውቅም፤ አባቴ ግን ፈገግ ብሎ ነበር የወረደው።

ዳገቱን ስንመለስ እኔ ነዳሁ። እትዬ አስካለ እጃቸውን በእጄ ላይ አድርገው ማርሹን መቼ እንደምይዝ አሳዩኝ። መኪናዋ አንዴም ሳትቆም ደብረ ሲና ገባች። ግቢው ውስጥ ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ሰጠኋቸው። ከመኪናዋ አልወረዱም።

«ልጄ፣ አልሸጣትም» አሉኝ። «ይቅር በለኝ። ዛሬ ጠዋት ልሸጣት ነበር፤ አሁን ግን አልችልም።»

የባትሪውን ዋጋና የታደሰን ድካም ከፈሉ፣ ቆሎ በፌስታል ሞልተው ሰጡን። እዚያው እንደቆምኩ አልቅሼ ነበር ማለት እችላለሁ። ከአባቴ ጋር የጭነት መኪናውን ገዛን። ከዚያ በኋላ ዳገቱን ጭነት ይዤ ስጎተት ከኋላዬ ክላክስ ይሰማል፤ ጥቁሯ ጀርመን ቀድማኝ ትሄዳለች፣ እትዬ አስካለ በመስኮት እጃቸውን ያወጣሉ። መጀመሪያ ይቆጨኝ ነበር። እየቆየ ግን የዚያች ክላክስ ድምፅ ያልተሰማበት ሳምንት ይከፋኝ ጀመር።

በሦስተኛው ዓመት በሚኒባስ ሾፌር መልእክት ላኩብኝ፤ «ያ የሽንኩርት ነጋዴው ልጅ ይምጣ» ብለው። ስሄድ አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሊብሬውንና ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ጠበቁኝ። ዋጋ እኔ እንድናገር አደረጉ፤ የተናገርኩትንም ቀነሱልኝ።

ዘጠኝ ዓመት ነዳኋት። ታደሰ እንዳለው መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ስንት ጊዜ ተንከራትቻለሁ፤ ሐያት ስትወለድ ከሐኪም ቤት የመጣችው በእሷ ነው። የእኔ በሆነችባቸው ዓመታት ብዙ ደስ ብሎኛል። ሆኖም «ከመኪናዋ ጋር የነበረህ ምርጥ ቀን የቱ ነው?» የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ መልሴ የእኔ ያልሆነችበት፣ የእኔም ልትሆን ያልቻለችበት ያ የኅዳር ቀን ነው። ሰው የሚመኘውን ከማግኘቱ በፊት፣ ሌላ ሰው ያን ነገር ከእሱ ይበልጥ ሲወደው ማየት አለበት መሰለኝ። ያኔ ነው ምን እንደሚገዛ የሚያውቀው።

ትናንት ማታ ለሐያት ደወልኩላት። «ፎቶውን ተዪው» አልኳት። «ነገ ጠዋት ሄደሽ የሚሸጣትን ሰው ከጎንሽ አስቀምጪና ንጂያት። ስለ መኪናዋ ሲያወራ ድምፁን ስሚው።»