ሁለት ዓይን ያለው አብራሪ

የልጅ ልጄ ባለፈው ሰሞን የሚገጣጠም የፕላስቲክ አውሮፕላን ይዞ መጣና ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለው ቤታችን ሳሎን በሙጫ ሽታ ታጠነ። አፍንጫ የሚሰረስር፣ ራስ የሚያዞር ሽታ ነው። እናቱ መስኮት ክፈቱ እያለች ስትጮህ እኔ ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋሁ። ልጁ ቁርጥራጮቹን በተራ ደርድሮ፣ የመመሪያውን ወረቀት ዘርግቶ፣ እያንዳንዷን በወረንጦ እያነሳ ይገጥማል። ላግዘው እጄን ብዘረጋ «አያቴ፣ እባክሽ አትንኪው፣ ይዘበራረቅብኛል» አለኝ። እጄን ሰበሰብኩ። ክንፍ የቀጠልኩ፣ ጎማ የገጠምኩ ሴት መሆኔን ማን ይንገረው! ሽታው ግን ያውቀኛል፤ ከማራኪ አስነስቶ ከቀሃ ወንዝ በላይ ወደነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ወሰደኝ።

አባባ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ከሁለቱ ክፍሎች ብርሃን የሚገባው የእሳቸው የሥራ ክፍል ሲሆን፣ እማዬ፣ ታላቅ ወንድሜ አያ ታደለና እኔ በሌላኛው ተጣበን እንኖር ነበር፤ ቅዱሳኑ ከእኛ ይልቅ ሰፊ ቦታ ነበራቸው። የእኔ ሥራ ቀለም መፍጨት ነው። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ደብተሬን ወርውሬ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ እንበረከካለሁ፤ ቀለሙ እንደ በርበሬ የላመ፣ በጣት መካከል ሲታሽ የማይቆረቁር መሆን አለበት። ጣቶቼ አንድ ሳምንት ቢጫ፣ አንድ ሳምንት ቀይ ስለሚሆኑ የክፍሌ ልጆች ሲያዩኝ «ዛሬ ደግሞ የማን ልብስ ነው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ እኔም «የገብርኤል ነው» ብዬ በኩራት እመልሳለሁ።

ያ ክንፍ የቀጠልኩለት ጄት ወደ ቤታችን የመጣው የአያ ታደለ የሳይንስ አስተማሪ፣ አንድ ከባሕር ማዶ የመጣ ወጣት፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ለተማሪዎቹ ሲያከፋፍል ነው። ሌሎቹ በኳስና በሹራብ ሲሻሙ ወንድሜ ማንም ያልፈለገውን የተቀደደ ካርቶን አቅፎ መጣ። አስተማሪው በልጅነቱ የገጣጠመውና ቦርሳ ውስጥ ሲንከራተት የኖረ የጦር ጄት ነበር፤ አንድ ክንፉ ተሰብሯል፣ ጎማዎቹ የሉም፣ የአብራሪው መስታወት በልዟል፣ ከመስታወቱ ሥር መቀመጫው ባዶ ነው። ካርቶኑ ጥግ ላይ ግን አንድ ቱቦ ሙጫ ተርፎ ነበር፤ አያ ታደለ ክዳኑን ሲከፍት ሁለታችንም አስነጠሰን።

ለእሱ ይህ መጫወቻ አልነበረም። ለአየር ኃይል ተመዝግቦ፣ የመጀመሪያውን ፈተና አልፎ፣ ክረምቱ ሲወጣ ደብረ ዘይት ግባ ተብሎ ነበር። የቀረው የአባባ ምርቃት ብቻ ነው። አባቱ ሳይመርቁት እግሩ ከደጅ እንደማይወጣ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። አባባ ደግሞ እንቢ አላሉም፤ እሺም አላሉም። ነገሩ በተነሳ ቁጥር ብሩሻቸውን ማጠብ ይጀምራሉ፤ በዚያ ክረምት እንደ አባባ ብሩሽ የታጠበ ነገር በጎንደር ከተማ አልነበረም።

ምክንያቱን የማያውቅ የለም። በጣልያን ጊዜ፣ አባባ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ትክል ድንጋይ አካባቢ ታላቅ ወንድማቸው ከብት ሲነዱ አውሮፕላን ከላይ መጥቶ ከነከብታቸው ፈጃቸው፤ አባባ ከዋርካ ሥር ሆነው አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ከአዘዞ የሚነሳው የመንገደኛ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ሥራቸውን ጥለው ቤት ይገባሉ። አንድ ጊዜ እንዲያውም የሲኦልን ሥዕል ሲሠሩ ከአጋንንቱ በላይ አንድ አውሮፕላን ጨመሩበት፤ ያውም አንድ ዓይን ያለው። በእኛ አገር ሠዓሊዎች ልማድ ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ሰይጣንና ከሓዲ ግን በጎን ይሳልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ካህናቱ «አለቃ፣ ይህ በየትኛው መጽሐፍ ተጽፏል?» ቢሏቸው «እኔ ያየሁት ነው» አሉና ነገሩ በዚያው ቀረ።

እንግዲህ እኒህን ሰው ከአውሮፕላን ጋር ማስታረቅ ነበረብን። መላው የመጣው ከእኔ ነው፤ ዛሬም እኮራበታለሁ። «አባባ የተበላሸ ቀለም አይተው ማለፍ አይችሉም» አልኩት ወንድሜን። «ጄቱን ሸጋ አድርገን እንጠግነውና ቀለሙን ሆን ብለን እናበላሸው። ማረማቸው አይቀርም፤ እያረሙ ይለምዱታል።»

«አንቺ ልጅ፣ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ!» አለኝ።

ክንፉን በቀርከሃ ስንጥር ደግፈን በሙጫ አጣበቅነው፤ ስንጥቁን በጧፍ ሰም ሞልተን በጨርቅ አለሰለስነው፤ የበለዘውን መስታወት በአመድ አሽተን አጠራነው፤ ለጎማ ደግሞ ከእማዬ ካፖርት ሦስት ቁልፎች ቆረጥን፤ እማዬም በሐምሌ ብርድ ካፖርቷን ልትቆልፍ ብላ በቦታቸው ክር ብቻ ስታገኝ የቤቱን አይጥ ሁሉ ረገመች። ትልቁ ማሻሻያችን ግን የአፍንጫው ነው። አዘዞ ሄደን በአጥር ያየናቸው አውሮፕላኖች በሙሉ የሚሽከረከር ውልብልቢት አላቸው፤ የእኛው ምንም የለውም። «ጠፍቶበት ነው» አልኩ። የወደፊቱ የአየር ኃይል ሰው ጭንቅላቱን አከክ አከክ አድርጎ «ይሆናል» አለ። ከሰርዲን ቆርቆሮ ቆርጠን በስፒል አፍንጫው ላይ ሰካንለት፤ እፍ ሲሉበት ቡር እያለ ይሽከረከራል። ጄት ውልብልቢት የማያስፈልገው መሆኑን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው፤ አሁንም ቢሆን ያለ እሱ የሚያምር አይመስለኝም።

ከዚያ ጠጠሩ ያልደቀቀ ሰማያዊ ቀብተን አባባ ጠረጴዛ ላይ ጉብ አደረግነው። መጀመሪያ በክርናቸው ገፋ አደረጉት። በማግስቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። እኔ ከድንጋዬ ላይ ሆኜ በዓይኔ ጠርዝ እከታተላለሁ።

«ይህን ሰማያዊ ማን ነው የፈጨው?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«አንቺማ እንዲህ አትፈጪም» ብለው ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ። የገባቸው ይመስለኛል። ቢሆንም ቢላቸውን አንስተው የእኛን ቀለም ይፍቁ ጀመር።

ከጀመሩ በኋላ ደግሞ ማቆም አልቻሉም። በክንፎቹ ጠርዝ እንደ ቀሚስ ጥለት ያለ ሐረግ አስኬዱበት፤ ሆዱን ቢጫ፣ ጀርባውን አረንጓዴ፣ ጭራውን ቀይ አደረጉት። ውልብልቢቱን በጣታቸው አዙረው «ይህች ሸጋ ናት» አሉ። እኔና አያ ታደለ መተያየት ፈርተን መሬት መሬት እናያለን። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ አጮልቀው «ባዶ ነው እኮ፤ የሚነዳው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

 እማዬ ከወዲያኛው ክፍል «ማን ሊሆን ነው! ምነው እያወቁ ይጠይቃሉ?» አለች።

አባባ ከብራና ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆረጡና በቀጭኑ ብሩሻቸው የሰው ፊት ጀመሩ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ከዚያ አንድ ዓይን ሠሩ፤ የጉንጩ መስመር ገና ስላልተዘጋ ፊቱ ወደ ጎንም ወደ ፊትም ሊሆን ይችላል። ፀሐይ አዘቀዘቀችና ብሩሻቸውን አጠቡ። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ነው፤ አባባ በሰንበት ብሩሽ አይነኩም።

እንዲህ ያለ ሰንበት አላሳለፍኩም። ያቺ ባለ አንድ ዓይን ፊት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ አላስበላ አላስጠጣ አለችን። አያ ታደለ በዚያ በኩል ሲያልፍ እንደ ተከሳሽ አንገቱን ይደፋል። እማዬማ መታገሥ አልቻለችም። «ልጄን እንደ ሰይጣን በአንድ ዓይን አስቀርተው ቅዳሴ ሄዱ! የአንዲት ነጥብ ቀለም ነገር አይደለም እንዴ?» አለች። አባባ «ሰንበት ነው» አሉ። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነበር። አባባ ከሰንበት በፊት የማይጨርሱትን ፊት ጀምረው አያውቁም። ሐሙስ ሊጀምሩት ይችሉ ነበር፤ ዓርብ የጀመሩት ማሰቢያ ጊዜ ፈልገው ነው።

ሰኞ ጠዋት ዝናቡ ቆም ሲል በሩን ከፍተው «ታደለ፣ ና እስቲ ብርሃኑ ላይ ቁም» አሉት። ቆመ። በሕይወቴ አባባ ሕያው ሰው አቁመው ሲስሉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ብዙ አዩት፤ እንደ ሠዓሊ አይደለም፣ ልጁን ሊሸኝ እንደሚወጣ አባት ነው ያዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሁለተኛውን ዓይን ሠሩለት፤ ቅንድቡ ላይ በልጅነቱ ከአጥር ወድቆ ያመጣትን ጠባሳ እንኳ በአንዲት ነጭ መስመር አልረሷትም። እማዬ እልል አለች። ፊቱን ከመስታወቱ ሥር ስናስገባው አብራሪው ወደሚበርበት ሳይሆን ወደ እኛ ዞሮ ያያል።

«አባባ፣ መንገዱን ካላየ ይጋጫል እኮ» አልኩ፤ ከደስታ ብዛት አፌን መዝጋት አቅቶኝ።

አባባ ግን የሚያናግሩት ወንድሜን ነበር። «ሂድ፣ ልጄ። እግዚአብሔር ያሳድግህ፣ በሰላም አውጥቶ በሰላም ያግባህ። ግን ከላይ ሆነህ ወደ ታች ስታይ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ከብት እንዳይመስልህ፤ ሰው አለበት። ሁለት ዓይን የሰጠሁህ ለዚያ ነው።» አያ ታደለ ጉልበታቸውን ስሞ ተነሳ፤ እሱም ያለቅሳል፣ እኔም እያለቀስኩ እስቃለሁ።

ወንድሜ ሄደ፤ የጭነት አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ ብዙ ዓመት እህልና ሰው አመላለሰ። ጄቱን ይዞት ስለሄደ መንግሥት ሲለወጥ ከአየር ኃይሉ ሰፈር በጥድፊያ ሲወጡ ከዕቃው ጋር ቀረ። የዚያ ዕድሜው ፎቶግራፍ በእጃችን የለም፤ ያ ጠባሳ፣ ያ የጎረምሳ ፊት የነበረው ጥፍር በምታህል ብራና ላይ ብቻ ነው። አሁን ሸምግሎ ሲደውልልኝ «መልኬ እንዴት ነበር?» እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔም እያስዋብኩ እነግረዋለሁ፤ ይስቃል።

አባባ ካረፉ ረጅም ጊዜ ሆነ። የሣሏቸው ቅዱሳን ባሉበት ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ከየግድግዳው በሁለት ሁለት ዓይን ያዩኛል፤ ሰማያዊውን እኔ ፈጭቼዋለሁ፣ ቀዩንም እኔ። እኔን ግን አልሣሉኝም። ወዴትም አልሄድኩማ፤ ሁልጊዜ ከእግራቸው ሥር፣ ከድንጋዬ ላይ ነበርኩ። ያን ጊዜ «እኔንም ይሣሉኝ» ብላቸው እሺ ይሉኝ ነበር፤ ያንን አለማለቴ ነው ዛሬ የሚቆጨኝ።